ከነፋስ መውጫ እስከ ወገዳ፣ ያልያዝነውን መርዶ ተሸክመን

የማርያም ማኅበርተኞቼ፣ «ስማዳ ላይ ምን ገጠማችሁ?» እያላችሁ በየመንገዱ ታስቆሙኛላችሁ። ቆሜ ስነግራችሁ ደግሞ ዘነበች ከኋላዬ ትደርስና «አይ፣ እንደሱ አይደለም» ብላ ወሬውን ከአፌ ትነጥቀኛለች። ስለዚህ ይኸው ጻፍሁት። ወረቀት ላይ አትገባብኝም። ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ነውና የተጣመመ ካለ እያቃናችሁ አንብቡት። አብዛኞቻችሁ ከደብረ ታቦር ሌላ አገር አታውቁም፤ እኔም እስከዚያ ሳምንት እንደናንተው ነበርሁ።

የሄድሁበትን ጉዳይ ታውቁታላችሁ። ልጄ መሠረት ስማዳ ውስጥ፣ ወገዳ አስተማሪ ናት። የመጀመሪያዋን አርግዛ ወሯ ገብቷል፤ ባሏ ለሥልጠና ባሕር ዳር ሄዷል። የበኵር ልጅ የሚወለደው እናት ቤት ነው፤ ይህን ሕግ እኔ አላወጣሁትም። እሷ ግን በስልክ «እማ፣ እኔ እዚሁ ጤና ጣቢያ እወልዳለሁ» አለችኝ። ታላቅ እህቴ ከእናታችን ቤት ርቃ ስትወልድ እንደቀረች ታስታውሳላችሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ሦስት ቀን እህል አልወረደልኝም። በአራተኛው ቀን ላመጣት ተነሣሁ።

ዘነበች «ስማዳ ተወልጄ ስማዳን ሳላይ ልቅር?» ብላ ተከተለችኝ። በሰባት ዓመቷ ሙሽራ ሆና በበቅሎ ከስማዳ እንደወጣችና ከዚያ ወዲህ ተመልሳ እንደማታውቅ የነገረችኝ መኪና ውስጥ ከገባን በኋላ ነው። እታገኝም መጣች። እታገኝን የማታውቁ ካላችሁ፣ ስትፈራ የምትስቅ ሴት ናት። ሐኪም መርፌ ሲያነሣባት ሳቋ ከግቢው ውጭ ይሰማል። ሆን ብላ የምታደርገው አይደለም፤ አፈጣጠሯ ነው።

ዓርብ።

ጠዋት ከከተማችን ከነፋስ መውጫ ስንነሣ እኔ ሁለት ጋቢ ደርቤ ነበር። መኪናው ወደ ታች ጋይንት ቁልቁል ሲወርድ ሙቀቱ እየወጣ ተቀበለን። አርብ ገበያ ሳንደርስ ሁለቱም ጋቢዎች ጭኔ ላይ ነበሩ፤ እንደ በሽተኛ ታቅፌያቸው ሄድሁ። ቁልቁለቱን አልነግራችሁም። በመስኮት አንድ ጊዜ አየሁና ከዚያ ወዲያ ከፊቴ የተቀመጠውን ሰውዬ ማጅራት ብቻ እያየሁ ሄድሁ። ያን ማጅራት ዛሬም ባገኘው አውቀዋለሁ።

መንገድ ላይ አንድ ገበሬ ለገበያ የያዛት ዶሮ ከወንበር ሥር ተንፏቃ፣ ለመሠረት በሶ የያዝሁበት ቅርጫት ውስጥ ገብታ እንቁላል ጣለች። ሰውዬው «እንቁላሉ የኔ ነው» አለ። ዘነበች «በሰው ቤት የተወለደ የባለቤቱ ነው» አለች። ተሳፋሪው ሁለት ቦታ ተከፈለ። አንድ ሽማግሌ ከኋላ ሆነው «ዶሮይቱ ወዳ ከገባች ለባለ ቅርጫቷ፣ ተገፍታ ከገባች ለባለ ዶሮው» ብለው ፈረዱ። ወዳ ይሁን ተገፍታ ምስክር ሲቆጠር መኪናው ጉድጓድ ገባና እንቁላሉ ተሰበረ። ሰውዬው ኀዘኑ አልወጣለትም፤ አርብ ገበያ ስንወርድ እንኳ ዓይኑ ቅርጫቴ ላይ ነበር።

ያን ቀን የገበያው ቀን ስለሆነ ከተማው በአህያና በሰው ተሞልቶ አልጋ የሚባል ጠፋ። አንዲት ጠላ ሻጭ ሦስታችንን ስታየን «እናንተማ መሬት አትተኙም» ብላ የራሷን አልጋ ለቀቀችልን፤ እሷ ከልጆቿ ጋር መደቡ ላይ ተኛች። ስሟን ስጠይቃት «ስሜን ጠይቀሽ ምን ልታደርጊ፣ እንቅልፍሽን ተኚ» አለችኝ። ሽሯቸው ከኛው ይልቅ ቀጭን ነው፣ በርበሬው ግን ጆሮ ይከፍታል። እኛ ከተማ መንገደኛን እንዲህ አድርገን ተቀብለን እናውቃለን? እኔ እንጃ። እኛ አገር ብርዱ በር ያዘጋል።

ቅዳሜ።

ከአርብ ገበያ ወደ ወገዳ በአይሱዙ ጭነት ላይ ሄድን። አቧራውን ለመግለጽ ስማዳ ስንደርስ መሠረት የሳመችው እታገኝን መስሏት እኔን፣ እኔን መስሏት ዘነበችን ነበር ብል ይበቃል። መሐል መንገድ ጎማው ፈነዳ። ጤፍ ያጭዱ የነበሩ ገበሬዎች ማጭዳቸውን ጥለው መጡና መኪናውን በእንጨት አንሥተው ይዘው ቆሙ። ሾፌሩ ጎማ እስኪቀይር ድረስ ከሥር ሆነው ስለ ነፋስ መውጫ የጤፍ ዋጋ ይጠይቁኝ ነበር። «ልቀቁት፣ ያልቃል ሰውነታችሁ!» ብላቸው አንዱ «እትዬ፣ አንቺ ዋጋውን ንገሪን እንጂ እኛ ይዘነዋል» አለኝ።

ወገዳ ስንደርስ መሠረት በር ላይ ቆማ ነበር። ሆዷ ከሷ ቀድሞ ደጅ ወጥቷል።

«እንሂድ» አልኋት፣ ገና ሳልቀመጥ።

«እማ፣ እዚህ አዋላጅ አለች፣ መድኃኒት አለ። በዚህ መንገድ ላይ ከተንገጫገጭሁ መኪናው ላይ ነው የምወልደው።»

«መኪናው ላይ እኔ አለሁ።»

«አንቺ ምን ታደርጊልኛለሽ? ከኔ በላይ ትጮሂያለሽ እንጂ።»

እስከ እራት ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ ደከማትና እንዲህ አለች፦ «ሰኞ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት የሚወጣ አውቶቡስ አለ። ከዚያ ሌላ እስከ ሐሙስ የለም። ለሰኞው እሺ ብዬሻለሁ፤ ዕቃዬን እሰበስባለሁ። ሰኞ ካመለጠን ግን እዚሁ እወልዳለሁ፤ ከዚያ ወዲያ እንዳትናገሪኝ።»

እኔም በደስታ «በማርያም!» ብዬ ማልሁ። ሰኞ ምን ሊያመልጠን?

እሑድ።

ቅዳሴ አስቀድሰን፣ ምሳ በላን። ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ መሠረት ልብሷን ስታጣጥፍ ዘነበች «እግራችን በጭነት መኪና ላይ ታጥፎ ቀረ፣ ትንሽ እንንሸራሸር» አለች። የእናቷ መንደር ከዚያች ጉብታ ጀርባ ነው፣ ምንጭ አለው፣ ዋርካ አለው፣ አይተን እራት ሳይቀርብ እንመለሳለን አለችን። መሠረትም «ሂዱ፣ እማም ትንሽ ትተንፍስልኝ» አለች፤ ከቤት ብወጣላት ደስ እንዳላት ገብቶኛል።

ጉብታዋን ወጣን። ጀርባዋ ላይ ያለው ሌላ ጉብታ ነው። አንድ ሰው ነዶ ሲከምር አገኘንና መንደሩን ጠየቅነው። በአገጩ ጠቆም አድርጎ «እዚችው ናት» አለ። ስማዳ ውስጥ ሰው «እዚችው ናት» ካላችሁ ስንቅ ያዙ። አንድ ሰዓት ሄድን። ዘነበች ዋርካ ስታይ «ይኸው! ሥሩ የተጫወትሁበት!» ብላ ሳመችው። ቀጥሎ ሌላ ዋርካ አገኘንና «አይ፣ ይኸኛው ነው» ብላ እሱንም ሳመችው። ሦስተኛውን ስታይ ዝም አለች፤ ያን ጊዜ ነው የፈራሁት።

መንገዱ ጠቦ ጠቦ በሣር ውስጥ ጠፋ። ሣሩ መሐል ጭጎጎት ሞልቷል፤ የነጠላችን ጥለት ላይ እየተለጠፈ አላራምድ አለን። ዘነበች አዲስ ነጠላዋ አሳዝኗት «ገልብጡት፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጉት፣ ይተርፍልናል» አለች። ገለበጥን። ጥለቱን ወደ አንገታችን አውጥተን ሦስታችንም እንደ ኀዘንተኛ አዘቅዝቀን ለበስን ማለት ነው። በዚያ ሰዓት ማን ያስተውላል? ፀሐይ ልትገባ ነው፣ ነገ አሥራ ሁለት ሰዓት አውቶቡስ አለብኝ፣ ስልኬ ኔትወርክ የሚባል አላየችም። «ኧረ የሰው ያለህ!» እያልሁ ጮኽሁ፤ ድምፄ እስኪዘጋ ድረስ ጮኽሁ። ከዚያ አለቀስሁ። እታገኝ ትስቃለች። «ምን ያስቅሻል?» ብላት «ጅብ» ብላ የባሰ ሳቀች።

ደግነቱ ጭስ አየን። አንድ ቤት አጥር በር ላይ ደረስን። አንዲት እኩያዬ የምትሆን ሴት በእጇ የላም ወተት የያዘ ቅል ይዛ ከጋጣ ስትወጣ ከፊታችን ቆመች። አሁን በእሷ ዓይን እዩን፦ ሦስት የማይታወቁ ሴቶች፣ በመሸ፣ ተከታትለው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። አንዷ ዓይኗ አብጦ ቀልቷል። አንዷ አፏን በነጠላ ሸፍና ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

«ከየት ነው፣ እናቶቼ?» አለችን።

ድምፄ ተዘግቷል። «ከጋይንት» አልሁ፣ በሹክሹክታ።

ቅሉ ከእጇ ወደቀ።

ይህች ሴት ስንዱ ትባላለች። ባሏ ሞቶባታል፤ ያላት አንድ ልጅ ነው። ልጁ ጥበቡ ድጓ ሊማር ከሄደ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። የሄደውም እኛ ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ነው። ይህን ያን ጊዜ አላውቅም። እሷ ግን ምንም አልጠየቀችኝም። አገራችን ወግ አለው፤ መርዶ ይዞ የመጣን ሰው አይጠይቁትም፣ እሱም አይናገርም። ሌሊቱን ያርፋል፤ ጎህ ሲቀድ ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ ባለበት ይነገራል። ስንዱ መሬት ላይ የፈሰሰውን ወተት ሳታይ «ግቡ፣ ቤት የእግዚአብሔር ነው» አለችን። አስገብታ እግራችንን አጠበች። እጇ እግሬ ላይ ሲንቀጠቀጥ ብርድ ነው መስሎኝ «እኛ አገርም እንዲሁ ይበርዳል» አልኋት።

ጎረቤት ተራ በተራ መምጣት ጀመረ። የሚገባው ሁሉ እኛን ሲያይ አንገቱን ይደፋል። ደግ አገር ነው ብዬ አሰብሁ፤ ለጠፋ መንገደኛ እንዲህ ሲታዘን አይቼ አላውቅም። ዶሮ ታረደ። ዘነበች ደስ ብሏት በላች። አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠርጎ «በቤተ ልሔም በኩል ነው የመጣችሁ?» አላት።

«አዎን፣ በዚያው በኩል» አለች፣ ብልቱን እየጋጠች። «ስናልፍ ደወል ሲደወል ሰምተናል።»

«ደወል!» አለ ሰውዬው። ቤቱ በሙሉ ወለሉን አየ።

እታገኝ ቤቱ ጸጥ ሲል ፈራች። ፈራችና ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች፤ ትከሻዋ ይነጥር ጀመር። አንዲት አሮጊት ጀርባዋን እየደባበሱ «አይዞሽ፣ እስኪነጋ ቻይው» አሏት።

ያኔ ገባኝ። መርዶ ነጋሪ መስለናቸዋል። ልናገር አፌን ስከፍት አጠገቤ ያለችው ጎረቤት ቁራሽ እንጀራ አጎረሰችኝ። ሁለተኛ ስከፍት ሁለተኛ አጎረሰችኝ። «ሦስት ካልሆነ ያጣላል» ብላ ሦስተኛውንም አስከተለች። በመጨረሻ የደብሩ ቄስ፣ ቄስ ሞገስ፣ መጡ። ስለ ጤፉ ምርት ትንሽ ካወሩ በኋላ ጠቀሱኝና ወደ አጥሩ ጥግ ወሰዱኝ።

«በይ ለእኔ ብቻ ንገሪኝ። መቼ ነው ያረፈው?»

«ማን፣ አባ?»

«ተማሪው። ጥበቡ።»

«አባ፣ ጥበቡ የሚባል ሰው አላውቅም።»

«ደግ። ለሰው እንዲህ በይ።»

«እኛ መንገድ ጠፍቶን ነው!»

«እሱም ጥሩ ነው። ስንዱ እንዳትጠረጥር መንገድ ጠፍቶን ነው በሉ።»

«መስቀልዎን ይስጡኝ፣ ይዤ ልማል!»

እጃቸውን ወደ ኋላ ሸሸጉ። «ለበጎ የተባለ ውሸት ነው፣ ገብቶኛል፤ ግን በመስቀል አይሆንም፣ ልጄ።»

«አባ፣ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት አውቶቡስ አለብኝ! ልጄ ወሯ ገብቷል!»

«ጎህ ሲቀድ ትናገሪና ትሄጃለሽ» አሉ፤ ትንሽ አሰቡና «ቁርስ ግን ሳትቀምሱ አንለቅም» አሉ። ወደ ቤት ተመልሰው ለሰዉ በቀስታ «ጨዋ ሰዎች ናቸው፤ አንዲት ቃል አልወጣቸውም» ሲሉ ሰማሁ።

ስንተኛ ሁለት ጎረቤቶች በእኔና በስንዱ መካከል ተኙ፤ አፌ እንዳያመልጠኝ ነው። መብራት ከጠፋ በኋላ ስንዱ በሁለቱ ላይ አሻግራ «እህቴ፣ ልጅ አለሽ?» አለችኝ።

«አንዲት።»

«ደህና ናት?»

«አላውቅም» አልሁ። ጎረቤቶቹ በሁለት በኩል «እሽሽ!» አሉን።

ሰኞ።

ገና ሳይነጋ ብድግ ስል ግቢው ሞልቷል። ነጠላ የሌለው ጋቢውን፣ ጋቢ የሌለው ኩታውን አዘቅዝቆ ቆሟል። ስንዱ ከቤት ወጣችና ሕዝቡን አየች። አልጮኸችም። መጥታ ፊቴ ቆመች።

«በይ እህቴ፣ ሌሊቱን ሙሉ ይዘሽው አድረሻል፤ አሁን ስጪኝ።»

ከየት እንደመጣ የማላውቀው ድምፅ ወጣኝ። «ልጅሽን አላውቀውም!» ብዬ ጮኽሁ።

«እንዲህ ተብሎ አይጀመርም» አሉ ቄስ ሞገስ።

«በፈጠራችሁ፣ መንገድ ጠፍቶን ነው! ነጠላውን ያዘቀዘቅነው ለጭጎጎት ነው! ከወገዳ ነው የወጣነው፣ ልንንሸራሸር!»

ኋላ አንድ ሽማግሌ «ታዲያ ማን ነው የሞተው?» አሉ።

«ማንም!»

«ማንም ካልሞተ እኔ ከሁለት ወንዝ ማዶ በጨለማ ለምን መጣሁ?»

«ልንንሸራሸር ነው ያለችው?» አለ ሌላው። «ሰው ሥራ ፈትቶ በእግሩ ይሄዳል?»

ስንዱ ማንንም አልሰማችም። ሁለቱን ክንዶቼን ያዘች። «አልሞተም?»

«አልሞተም!» አልኋት። እንግዲህ ምን አውቄ? የልጁን መልክ እንኳ አላውቅም። ግን ዓይኗን እያየሁ ሌላ ምን ይባላል?

እታገኝ ይኸኔ ነጠላዋን ከአፏ አውጥታ ሌሊቱን ያጠራቀመችውን ሳቅ ለቀቀችው። መጀመሪያ ያቺ ደባባሿ አሮጊት፣ ከዚያ ሌላው ሁሉ ሳቀ። ከወንዝ ማዶ የመጡት ሽማግሌ ብቻ አልሳቁም።

እኔ አውቶቡሴን አስቤ ልሮጥ ነጠላዬን ስታጠቅ ከአጥሩ በር «እማዬን! እማዬን!» የሚል ጩኸት ተሰማ። መሠረት ናት። ስላልተመለስን ሌሊት የትምህርት ቤቱን ዘበኛ ይዛ፣ ባትሪ እያበራች በየመንደሩ ጠይቃ ደረሰች። ግቢው ሙሉ አዘቅዝቆ የቆመ ሰው አየች፤ እኔን አላየችም። የሞትሁት እኔ ሆንሁ። ሕዝቡን በክርን እየገፋሁ «አለሁ! አለሁ!» ብዬ ብቅ ስል ልጄ አጥሩን ይዛ ጎንበስ ብላለች።

«እማ» አለች፣ «ሽርት ውኃዬ ፈሰሰ።»

እዚያ ላይ እኔ መሬት ተቀመጥሁ። የእህቴ ፊት መጣብኝ። የስማዳ ሰው ግን አልተቀመጠም። ለለቅሶ የተሰበሰበ ሕዝብ እኮ ነው፤ ጎልማሳው ሁሉ በአንድ ቦታ ነው፣ ጥሪ አያስፈልገውም። ቄስ ሞገስ «ቃሬዛ!» አሉ፤ ቃሬዛው መጣ። ስንዱ የራሷን ፍራሽ አነጠፈችበት። ስምንት ስምንት ሆነው እየተፈራረቁ ልጄን አንሥተው በሩጫ ወጡ። እኔ ከኋላ፤ ዘነበችና እታገኝ ግራና ቀኝ ይዘውኛል፤ ሕዝቡም ሁሉ ተከተለ።

አስቡት እንግዲህ፦ ቃሬዛ ከፊት፣ ቄስ ከጎኑ፣ ከኋላ አዘቅዝቆ የለበሰ ሕዝብ። በየመንደሩ ሰው ከቤቱ እየወጣ «ዋይ! ማን ነው?» እያለ ደረቱን ይደቃል። ከእኛ መሐል ያሉት «አልሞተችም፣ ልትወልድ ነው!» ይሉታል። እሱ «ማን ልትወልድ?» ይላል። «የመርዶ ነጋሪዋ ልጅ!» «የማን መርዶ?» «የማንም!» ይሄኔ ሰውዬው ግራ ገብቶት ዝም ብሎ ይከተለናል። ሴቶቹ ልቅሶውን ትተው «ማርያም ማርያም» ማለት ያዙ። መሠረት ቃሬዛው ላይ ሆና በምጥ መሐል «እማ፣ ሰዎቹን ተመለሱ በያቸው፣ አፍራለሁ» ትለኛለች።

ወገዳ ስንገባ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሆኗል። ምን አየሁ? የአሥራ ሁለት ሰዓቱ አውቶቡስ ቆሟል። ሳይወጣ ቀርቷል፤ ሞተሩ እየተንደቀደቀ ሰው ይጠብቃል። ሾፌሩ በመስኮት ብቅ ብሎ «እማማ፣ የአስተማሪቱን ቦታ ይዣለሁ፤ ግን ለቀስተኛውን ሁሉ መጫን አልችልም!» አለ።

ቆምሁ። ለዚህ መኪና ስንት ተጨቃጭቄያለሁ። የልጄን ፊት አየሁ፤ የስንዱን ፍራሽ አየሁ፤ የተሸካሚዎቹ ግንባር ላብ ያንጠባጥባል። «ሂድ» አልሁት። «ሂድ፣ መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ።»

ጤና ጣቢያው በር ላይ አዋላጇ ልጄን ተቀብላ አስገባች። ተከትዬ ስገባ አይታኝ «እናት፣ እርስዎ ከሷ በላይ እያማጡ ነው፤ ውጭ ይጠብቁ» ብላ በሩን ዘጋችብኝ። ደጅ አግዳሚው ላይ ተቀመጥሁ። ሕዝቡ አጥር ሥር ተቀመጠ። ስንዱ መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች።

የልጄ ድምፅ በበሩ ይሰማል። ጆሮዬን ያዝሁ። ስንዱ እጆቼን ከጆሮዬ አወረደችና ያዘቻቸው።

«እህቴ፣ ልጅሽ አትሞትም» አለችኝ።

«በምን አወቅሽ?»

«አንቺስ የኔን በምን አወቅሽ?»

ወደ በሩ ዞር አልሁ።

«አንቺ ስትነግሪኝ እኔ አምኜሻለሁ» አለች። «ይኸው ወተት ታልቦ፣ ላም ተሰማርቶ፣ ደህና ውዬ እገባለሁ። አንቺም እመኚኝ እንጂ።»

አመንኋት። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፤ አመንኋት። እጅ ለእጅ ተያይዘን ብዙ ቆየን። ፀሐይ አናታችን ላይ ስትደርስ ከውስጥ ቀጭን ድምፅ ተሰማ፤ የመሠረት አይደለም። አዋላጇ በሩን ከፍታ «ሴት ናት፤ ሁለቱም ደህና ናቸው» አለች። አጥር ሥር የተቀመጠው ሁሉ ብድግ ብሎ እልል አለ። ከሁለት ወንዝ ማዶ የመጡት ሽማግሌም «በከንቱ አልመጣሁም ማለት ነው» ብለው በትራቸውን አንሥተው ሄዱ።

መሠረትን ላመጣ ሄጄ እዚያው አረስኋት። ዘነበችና እታገኝ በሐሙሱ መኪና ተመለሱ፤ ለዚህ ነው ወሬው በዘነበች አፍ ቀድሞ የደረሳችሁ። እኔ ልጄ ጠንክራ፣ ባሏም መጥቶ፣ ሁለት ሳምንት ቆይቼ ብቻዬን ተነሣሁ።

አርብ ገበያን ካለፍን በኋላ ወደ ቤተ ልሔም የሚያስወጣው መንገድ ላይ ከመኪናው ወረድሁ። በእግሬ ሄድሁ፤ ያውም ብቻዬን፣ እኔ! ተማሪዎቹ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ያዜሙ ነበር። አንዱን ቀስ ብዬ «ጥበቡ የስማዳው የትኛው ነው?» አልሁት፤ በጣቱ አሳየኝ። አልጠራሁትም። «ከእናትህ ዘንድ ነው የመጣሁት» ብለው ምን እንደሚመስለው አውቃለሁ። ከአጥሩ ማዶ ቆሜ እስክጠግበው አየሁት። የያዝሁትን ዳቦ ለዚያው ተማሪ «ለሁላችሁ ነው» ብዬ ሰጥቼ ተመለስሁ።

ለስንዱ በወገዳው ሾፌር ቃል ላክሁ፦ በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ድምፁ ያምራል፣ ደህና አድርጎ ወፍሯል በላት አልሁት። ልጁ እንኳን ሊወፍር አጥንቱ ይቆጠራል። ግን ይህ ለእናት አይላክም።